የ28 ዓመቱ ጆርዳን ከ28 ዓመቱ ሌብሮን ጋር፦ የንጽጽር ሥራ ማስታወሻ

እሁድ ከሰዓት፣ ዓመት መምረጥ

ሁለቱን የአሜሪካው ሊግ (የኤንቢኤ) የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች፣ ማይክል ጆርዳንንና ሌብሮን ጄምስን፣ ማወዳደር ጀመርኩ፤ ግን በሙሉ ዘመናቸው አይደለም። የሙሉ ዘመን ክርክር የት እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዱ ስድስት ዋንጫ ይቆጥራል፣ ሌላው ከሃያ ዓመት በላይ የዘለቀ ጨዋታ ይቆጥራል፤ የሚቆጥሩት ነገር ስለሚለያይ ሁለቱ መቼም አይገናኙም። የእኔ ጥያቄ ጠበብ ያለ ነው፦ ሁለቱም የብቃታቸው ጫፍ ላይ በነበሩበት በአንድ የውድድር ዘመን፣ የተሻለ ኳስ የተጫወተው ማን ነው? መልሱን በሰንጠረዥና በቪዲዮ እየሠራሁ እዚህ እመዘግባለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለጆርዳን የቀረቡት ዓመታት ሦስት ናቸው። 1987-88፣ በየጨዋታው በአማካይ 35.0 ነጥብ እያስቆጠረ የዓመቱ ኮከብ ተጫዋችም የዓመቱ ምርጥ ተከላካይም የተባለበት። 1988-89፣ 32.5 ነጥብ፣ 8.0 ሪባውንድ (ሳይገባ የተመለሰ ኳስ መያዝ) እና 8.0 አሲስት (ለሚያገባ አጋር ማቀበል) ያስመዘገበበት። ሦስተኛው 1990-91 ነው። ለሌብሮን ደግሞ ክሊቭላንድ ሳለ 28.4 ነጥብ፣ 7.6 ሪባውንድና 7.2 አሲስት ይዞ ቡድኑን ለ66 ድል ያበቃበት 2008-09 አለ፤ ከማያሚ ዘመኑ ደግሞ 2012-13።

ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው ምናልባት የ1988ቱን ጆርዳንና የ2009ኙን ሌብሮን ይወስዳል። እኔ 1990-91ንና 2012-13ን ወሰድኩ። በ1988 ጆርዳን አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ በሚያልፍበት ጥሎ ማለፍ በዲትሮይት ፒስተንስ 4 ለ 1 ተሸንፎ ወጣ። በ2009 ሌብሮን በኦርላንዶ ማጂክ ላይ በአማካይ 38.5 ነጥብ እያስቆጠረም 4 ለ 2 ተሸነፈ። በእነዚያ ዓመታት ጥቃቱ በሙሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ወድቆ ነበር፤ ቁጥሩን ያሳበጠውም እሱ ነው። እኔ የማየው የሸክማቸውን ጫፍ ሳይሆን የጨዋታቸውን ጫፍ ነው።

የመረጥኳቸው ሁለት ዓመታት ሌላም የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ጆርዳን የካቲት 1963 የተወለደ ነው፣ ሌብሮን ታኅሣሥ 1984፤ ሁለቱም ወደ ፍጻሜው የገቡት በ28 ዓመታቸው ነው። ሁለቱም በዚያው ዓመት የሊጉ ኮከብ፣ የፍጻሜው ኮከብና የዋንጫው ባለቤት ሆነዋል። ጆርዳን አጠገቡ ስኮቲ ፒፐን ነበረው፣ ሌብሮን ድዌይን ዌድና ክሪስ ቦሽ ነበሩት። «ብቻውን ነበር» የሚል ምክንያት ለማንም አይሠራም። ልዩነታቸው ድካም ላይ ነው፦ ጆርዳን ዩኒቨርሲቲ ቆይቶ ስለገባ ሰባተኛ ዓመቱ ነበር፣ ከነዚያም አንዱን በእግር ስብራት ምክንያት ከሞላ ጎደል አልተጫወተም። ሌብሮን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ ስለመጣ አሥረኛ ዓመቱ ላይ ነበር።


ሰኞ ማታ፣ ጥሬው ቁጥር

ሰንጠረዡን ከፈትኩ። መጀመሪያ የገባው የመደበኛው ውድድር ቁጥር ነው።

ጆርዳን 1990-91፦ 82 ጨዋታ፣ በየጨዋታው 37.0 ደቂቃ፣ 31.5 ነጥብ፣ 6.0 ሪባውንድ፣ 5.5 አሲስት፣ 2.7 ነጠቃ፤ ከሜዳ ውርወራው 53.9 በመቶ ያገባ።
ሌብሮን 2012-13፦ 76 ጨዋታ፣ 37.9 ደቂቃ፣ 26.8 ነጥብ፣ 8.0 ሪባውንድ፣ 7.3 አሲስት፣ 1.7 ነጠቃ፤ ከሜዳ ውርወራው 56.5 በመቶ ያገባ።

የጆርዳን ቡድን ቺካጎ ቡልስ 61 ጨዋታ አሸነፈ፣ የሌብሮን ማያሚ ሂት 66። ከማያሚ ድሎች ውስጥ 27ቱ በተከታታይ የመጡ ናቸው፤ ያንን ጉዞ የገታውም ቺካጎ ነው።

ይህን ጥሬ ቁጥር ይዞ የሚፈርድ ሰው ይሳሳታል፣ ምክንያቱም ሁለቱ ዘመናት የተጫወቱበት ፍጥነት እኩል አይደለም። ብዙ ሰው የ1990ዎቹ መጀመሪያ ዝግተኛና ጉልበት የበዛበት እንደነበር ያስባል። ዝግታው የመጣው ግን ቆይቶ ነው። በ1990-91 አንድ ቡድን በአማካይ 106.3 ነጥብ ያስቆጥር ነበር፤ በ2012-13 ያው አማካይ 98.1 ነው። በጆርዳን ጊዜ ወዲያና ወዲህ መሮጡ ይበዛ ነበር።

ስለዚህ ሁሉንም በ100 የማጥቃት ተራ አሰላሁት። የማጥቃት ተራ የምለው አንድ ቡድን ኳስ ከያዘበት ጊዜ አንሥቶ ወርውሮ፣ አስነጥቆ ወይም ተቀጥቶ ለሌላው እስኪያስረክብ ያለውን ነው። ቡልስ በ48 ደቂቃ 95.6 ያህል ተራ ይጫወት ነበር፣ ሂት 90.7። ይህ ሲገባ ጆርዳን በ100 ተራ ወደ 43 ነጥብ፣ 8 ሪባውንድና ከ7 በላይ አሲስት ይወጣለታል። ሌብሮን ወደ 37 ነጥብ፣ 11 ሪባውንድና 10 አሲስት።

በሌላ መንገድም ሞከርኩት። ጆርዳን በሂት ፍጥነት ቢጫወት 31.5ቱ ወደ 30 ዝቅ ይላል። ከሌብሮን ጋር የነበረው የ4.7 ነጥብ ልዩነት ወደ 3 ይጠባል እንጂ አይጠፋም። ፍጥነት የጆርዳንን ብልጫ ከፊሉን ይበላል፤ ሁሉንም ያብራራል የሚለው ግን አያስኬድም።


ማክሰኞ ማታ፣ የውርወራው ዋጋ

የዛሬው ሥራ ከጠበቅሁት በላይ ወሰደኝ፣ ደስም አሰኘኝ።

የሜዳ ውርወራ በመቶኛ ብቻውን ያታልላል፤ የሦስት ነጥብ ውርወራን ከሁለት ነጥቡ እኩል ይቆጥራል፣ የቅጣት ውርወራን ደግሞ አያካትትም። ስለዚህ ሦስቱንም የሚያጠቃልለውን ስሌት ተጠቀምኩ፦ የሜዳ ሙከራዎች፣ ሲደመር የቅጣት ውርወራዎች በ0.44 ተባዝተው። 0.44 የሆነው እያንዳንዱ ቅጣት ሙሉ የማጥቃት ተራ ስለማይበላ ነው፤ አንዳንዱ ኳሱ ከገባ በኋላ የሚሰጥ ተጨማሪ ነው።

ጆርዳን 1,837 የሜዳ ሙከራና 671 የቅጣት ውርወራ ነበረው። ተደምሮ ወደ 2,132 ሙከራ ይሆናል፤ ከዚያ ያገኘው 2,580 ነጥብ። ሌብሮን 1,354 የሜዳ ሙከራና 535 ቅጣት፣ ማለትም ወደ 1,589 ሙከራ፤ ያገኘው 2,036 ነጥብ። በመቶኛ ሲቀመጥ ጆርዳን 60.5፣ ሌብሮን 64.0 ይሆናል። የሊጉ አማካይ በሁለቱም ዓመታት እኩል ሊባል ይችላል፦ 53.4 እና 53.5። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፣ ምክንያቱም በሃያ ሁለት ዓመት ርቀት ያሉ ሁለት ዘመናት በአንድ መለኪያ ሊቀመጡ ይችላሉ ማለት ነው።

ቀጥዬ ይህን ጠየቅሁ፦ እነዚህን ሙከራዎች አንድ አማካይ የሊጉ ተጫዋች ቢወረውራቸው ስንት ነጥብ ያገኝ ነበር? የጆርዳንን ቢወስድ 2,277። ጆርዳን ከዚያ በ303 ይበልጣል። የሌብሮንን ቢወስድ 1,701፤ ሌብሮን በ335 ይበልጣል፣ ያውም በስድስት ጨዋታ ባነሰ ዓመት። በየጨዋታው 3.7 ለጆርዳን፣ 4.4 ለሌብሮን። በየጨዋታው 5 ነጥብ ገደማ ያነሰ የሚያስቆጥረው ሰው ለቡድኑ የበለጠ ትርፍ አስገኝቷል።

ሌብሮንን የሚደግፉ ሰዎች እዚህ ላይ ቢያቆሙ አልወቅሳቸውም። እኔን ግን አንድ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። ይህ ስሌት የጆርዳን ተጨማሪ ሙከራዎች በአማካይ ተጫዋች እጅ አማካይ ውጤት ያመጡ ነበር ብሎ ይገምታል። ጆርዳን በየጨዋታው 26 ያህል ሙከራ ነበረው፣ ሌብሮን 21። እነዚያ አምስት ተጨማሪ ሙከራዎች የየትኞቹ ተራዎች ናቸው? ብዙ ጊዜ የ24ቱ ሰከንድ ሰዓት ሊያልቅ ሲል፣ የተጠነሰሰው ጥቃት ሳይሠራ ሲቀር፣ አንድ ሰው የግድ መወርወር ያለበት ተራ ላይ የሚመጡ ናቸው። እንዲህ ዓይነቱ ውርወራ በማንም እጅ ከአማካይ ያንሳል።

ስለዚህ መነሻውን ዝቅ አደረግሁት፣ በአንድ ሙከራ አንድ ነጥብ። ያኔ የወጣው ቁጥር አስደነቀኝ። ጆርዳን 2,580 ሲቀነስ 2,132፣ 448። ሌብሮን 2,036 ሲቀነስ 1,589፣ 447። በአንድ ነጥብ ብቻ ይለያያሉ።

የባከኑትን ኳሶች ጨመርኩበት። ጆርዳን በዓመቱ 202 ኳስ አባከነ፣ ሌብሮን 226። አንድ የባከነ ተራ በግምት አንድ ነጥብ ያሳጣል ብንል፣ ለጆርዳን 246 ይቀራል፣ ለሌብሮን 221። በየጨዋታው ሲካፈል 3.0 እና 2.9። እርግጥ ነው ሌብሮን በዓመቱ 551 አሲስት የሰጠ ሰው ነው፣ ጆርዳን 453፤ ብዙ የሚያቀብል ብዙ ያባክናል። ያም ሆኖ ከጆርዳን ሸክም ጋር ሳስተያየው 202 በጣም ትንሽ ነው። ኳሱ በዚያን ያህል እጁ ላይ እየዋለ ይህን ያህል መጠንቀቅ በማስቆጠር ዝና የሚጋረድ ችሎታ ነው።

ዛሬ በሰንጠረዡ ላይ የጻፍኩት፦ በመደበኛው ውድድር፣ ራስ ለራስ ነጥብ በማምጣት፣ እኩል ናቸው። በማቀበልና በሪባውንድ ሌብሮን ይቀድማል።


ሐሙስ፣ የሕጉ ጉዳይ

አጭር ግን የማይዘለል ሥራ። በ1991 ተከላካይ ኳስ የሌለውን ተጋጣሚ ትቶ መሐል ላይ ቆሞ መጠበቅ አይፈቀድለትም ነበር። ወይ ሰውህን ትከተላለህ፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ሄደህ ኳስ የያዘውን ትደርባለህ። ይህ ሕግ ከ2001-02 ጀምሮ ተነሣ፤ በምትኩ ተከላካይ ሰው ሳይጠብቅ ቀለበቱ ሥር ከሦስት ሰከንድ በላይ እንዳይቆም ተደረገ። በአንጻሩ በ1991 ኳስ የያዘውን ሰው ወገቡ ላይ እጅ አሳርፎ መግፋትና ማቅናት የተለመደ ነበር፤ ያ በጥብቅ የተከለከለው ከ2004-05 ወዲህ ነው።

ስለዚህ ጆርዳን የመጀመሪያውን ተከላካይ ለማለፍ የበለጠ ይቸገር ነበር፣ ካለፈ በኋላ ግን የሚጠብቀው መንገድ ይሰፋል። ሌብሮን የመጀመሪያውን በቀላሉ ያልፋል፣ ከኋላ ግን ግድግዳ ይጠብቀዋል። ያንን ግድግዳ የሚበትነው የሦስት ነጥብ ውርወራ ነው፤ በ1990-91 አንድ ቡድን በጨዋታ 7 ያህል ብቻ ይሞክር ነበር፣ በ2012-13 ወደ 20። የማያሚው አሰልጣኝ ኤሪክ ስፖልስትራ ቦሽን መሐል ተጫዋች አድርጎ ሼን ባቲየርንና ሬይ አለንን ዳር ላይ ያሰለፈው ለዚሁ ነው።

«ጆርዳንን የረዳው ሕጉ ነው» የሚለውን ክርክር ግን ሙሉ በሙሉ አልቀበልም። ያው ሕግ በ1988፣ በ1989 እና በ1990 ነበረ፤ ፒስተንስ ግን ሦስቱንም ጊዜ ቡልስን አሸንፎ ከውድድር አስወጥቷል። በ1991 ቡልስ ፒስተንስን 4 ለ 0 ሲያሸንፍ የተለወጠው ሕጉ አልነበረም። አሰልጣኙ ፊል ጃክሰንና ረዳቱ ቴክስ ዊንተር የሦስት ማዕዘኑን አጨዋወት (ሦስት ተጫዋቾች በአንድ ጎን ሦስት ማዕዘን ሠርተው የሚቀባበሉበትን) ካስገቡ በኋላ ጆርዳን ኳስ የሚቀበልበት ቦታ ተለወጠ። ከላይ ይዞ መጥቶ አምስት ሰው እያየው መጀመር ቀርቶ፣ ጎን ላይ፣ ለቀለበቱ በቀረበ ቦታ፣ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ የሚጨርስበት ሥፍራ ይቀበል ጀመር።

ሌብሮንም ተመሳሳይ መንገድ አልፏል። በ2011 ፍጻሜ ዳላስ ማቬሪክስ ዞን (ሰው ሳይሆን ቦታ እየጠበቀ) እየተከላከለ በአማካይ 17.8 ነጥብ ላይ ገታው። በዚያው በጋ ወደ ቀድሞው ታላቅ የመሐል ተጫዋች ሃኪም ኦላጁዋን ሄዶ ጀርባውን ለቀለበት ሰጥቶ መጫወትን ተማረ። ሁለቱንም ወደ ጫፉ ያወጣቸው አንድ የተወሰነ መከላከል ደጋግሞ ማሸነፉ ነው።


ቅዳሜ፣ የ1991 ፍጻሜ

ቪዲዮ። የኤንቢኤ የውርወራ ቦታ መረጃ የሚጀምረው ከ1996-97 ነው፤ የ1991ን ጆርዳን ከየት እንደወረወረ የሚነግረኝ የተዘጋጀ ሰንጠረዥ የለም። በእጄ ነው የምመዘግበው። ለእያንዳንዱ ኳስ የተቀበለበትን ቦታ፣ ተከላካዩ ምን እንደሰጠውና እሱ ምን እንደወሰደ ጻፍኩ። «የተሰጠው» የሚለው አምድ የዚህ ሥራ ሁሉ ዋና ሆነብኝ። ጥሩ መከላከል ምንጊዜም አንድ ነገር ይሰጣል፤ ወይ መንገድ፣ ወይ ርቀት፣ ወይ የቡድን አጋርን። ትልቅ ተጫዋች የሚለካው የተሰጠውን ለመውሰድ በሚፈጅበት ጊዜ ነው።

ሎስ አንጀለስ ሌከርስ የመጀመሪያውን ጨዋታ በሳም ፐርኪንስ የሦስት ነጥብ ውርወራ 93 ለ 91 አሸነፈ። ጆርዳን በዚያ ጨዋታ 36 ነጥብና 12 አሲስት ነበረው። በሁለተኛው ጨዋታ ከ18 ሙከራ 15 አገባ፣ 13ቱን በተከታታይ፤ 33 ነጥብ፣ 13 አሲስት። ሁሉም የሚያስታውሰው ኳሱን በቀኝ እጁ ይዞ ተነሥቶ አየር ላይ ወደ ግራው ያዛወረበትን ነው። ውበቱን አልክድም፣ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ለንጽጽሩ የሚጠቅመው ግን በዚያው ጨዋታ የቡድን አጋሩ ጆን ፓክሰን ከ8 ሙከራ 8ቱንም ማግባቱ ነው። ሁለተኛ ተከላካይ ወደ ጆርዳን ሲንቀሳቀስ ኳሱ ገና ሰውየው ሳይደርስ ይወጣል። ዘግይቶ የመጣ ማቀበል ለወርዋሪው ሸክም ነው፤ ፓክሰን ግን እግሩ ተስተካክሎ ነበር የሚቀበለው።

ሌከርስ ምን ያልሞከረው ነገር አለ? አንድ ለአንድ ሲተዉት አራትና አምስት ሜትር ላይ ቆሞ ይወረውራል። ሲጠጉት በታች በኩል ያልፋል። ሲደርቡት ያቀብላል። በሦስተኛው ጨዋታ መጨረሻ ኳስ ይዞ ሜዳውን በሙሉ አቋርጦ፣ 3.4 ሰከንድ ሲቀር ወርውሮ አቻ አደረገ፤ ቡልስ በጭማሪ ሰዓት 104 ለ 96 አሸነፈ። በአምስተኛው ጨዋታ መጨረሻ ሌከርስ እንደገና ወደ እሱ ሲሰበሰብ ፓክሰን ደጋግሞ አገባ፤ 20 ነጥብ ይዞ ወጣ።

አምድ ሠርቼ የአምስቱን ጨዋታ ነጥብ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ፦ 36፣ 33፣ 29፣ 28፣ 30። አሲስቱን ከሥሩ፦ 12፣ 13፣ 9፣ 13፣ 10። ዝቅተኛው ምሽቱ 28 ነጥብና 13 አሲስት ነው። በፍጻሜ ደረጃ ዝቅተኛው ነጥብ እንዲህ ከፍ ብሎ ያየሁበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ለሌከርስ ፍትሐዊ ልሁን፤ ጄምስ ዎርዚ ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ ነበር፣ ባይረን ስኮትም በመጨረሻው ጨዋታ አልተሰለፈም። ይህን ሰንጠረዡ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ክብደትም ሰጥቼዋለሁ።


እሁድ፣ የ2013 ፍጻሜ

ያው አምድ፣ ያው አሠራር። ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ከሌከርስ የተለየ ነገር አደረገ። ካዋይ ሌናርድና ቦሪስ ዲያው ከሌብሮን ወደኋላ እየራቁ ይቆማሉ፣ ቲም ደንካን ቀለበቱ አጠገብ ይጠብቃል፣ ለሌብሮን የተሰጠው ባዶ ርቀት ነው። «ወርውር» ይሉታል በአቋቋማቸው።

ይህ ሰው በዚያ ዓመት ከሦስት ነጥብ 40.6 በመቶ ያገባ ነው። በየካቲት ወር በተከታታይ ስድስት ጨዋታ ቢያንስ 30 ነጥብ እያስቆጠረ ቢያንስ 60 በመቶ ያገባ፣ ከሱ በፊት ማንም ያላደረገውን ያደረገ ነው። የተሰጠው ነገር ሊወስደው የሚችለው ነገር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ጨዋታዎች ግን ያመነታል። ኳሱን ይይዛል፣ ቀና ብሎ ያያል፣ አንዴ ያነጥራል፣ ያቀብላል፤ ሰዓቱ ያልቃል። የነጥቡ አምድ እንዲህ ይጀምራል፦ 18፣ 17፣ 15። ሦስተኛውን ጨዋታ ስፐርስ 113 ለ 77 አሸነፈ፤ ሌብሮን ከ21 ሙከራ 7 አገባ።

ከዚያ 33፣ 25፣ 32፣ 37።

ስድስተኛውን ጨዋታ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በሬይ አለን ነው። 5.2 ሰከንድ ሲቀር ቦሽ ሪባውንድ ይዞ አቀበለው፣ አለን ወደኋላ ተራምዶ ከዳር ወረወረ፣ አቻ ሆነ፣ ማያሚ በጭማሪ ሰዓት 103 ለ 100 አሸነፈ። ቪዲዮውን ከመጀመሪያ ላየ ሰው ግን ከዚያ በፊት የሆነው ይበልጣል። ሌብሮን እስከ ሦስተኛው ሩብ መጨረሻ ከ12 ሙከራ 3 ብቻ አግብቶ ነበር። በአራተኛው ሩብ 16 ነጥብ አስቆጠረ፤ ከሰው ጋር እየተላተመ፣ የግንባር ማሰሪያው ወልቆ፣ ማቅማማቱ ሁሉ ለቅቆት። ሰባተኛው ጨዋታ ደግሞ የመጨረሻው መልስ ነው፦ 37 ነጥብ፣ 12 ሪባውንድ፣ አምስት የሦስት ነጥብ ውርወራ። 27.9 ሰከንድ ሲቀር ያገባት ውርወራ፣ ማያሚን 92 ለ 88 ያደረሰችው፣ ስፐርስ ሰባት ጨዋታ ሙሉ ሲሰጡት ከነበረው ቦታ የመጣች ናት።

የ2013 ሰባተኛ ጨዋታን ከ1991 ከየትኛውም ጨዋታ በላይ አስቀምጠዋለሁ። ሁለቱም ቡድን አንድ ምሽት ብቻ ቀርቶት፣ ተጋጣሚው በጣም ደካማ መስሎ የታየውን ጎኑን አጥንቶ መጥቶ፣ ሰውየው በዚያው ጎን ማሸነፉ ትልቅ ነገር ነው።


ሰኞ፣ መከላከል

እዚህ ብዙ አልቆይም። ጆርዳን በዓመቱ 223 ኳስ ነጠቀ፣ ሌብሮን 129። ኳስ የያዘ ተጫዋችን ፊት ለፊት በማስጨነቅ ከጆርዳን የማስበልጠው ሰው የለም። የሌብሮን ስፋት ግን ሌላ ነው፤ በ2013 ፍጻሜ ቁርጥ ሰዓት ላይ የስፐርስን ፈጣን መሪ ቶኒ ፓርከርን ይይዛል፣ በሌላው ተራ ከረጃጅሞቹ ጋር ይጋፋል። ለዓመቱ ምርጥ ተከላካይነት ከማርክ ጋሶል ቀጥሎ ሁለተኛ የወጣውም በዚህ ነው። በ1991 ከመጀመሪያው ጨዋታ በኋላ የሌከርሱን መሪ ማጂክ ጆንሰንን በዋናነት የያዘው ፒፐን ነው፤ እንዲህ ያለውን ሥራ ማያሚ ለራሱ ለሌብሮን ይሰጠው ነበር። አምዱን ለሌብሮን ሰጠሁ።


ረቡዕ፣ ሚዛኑ

የቀረኝ አንድ ሰንጠረዥ ነበር፣ ሙሉው የጥሎ ማለፍ ውድድር።

ጆርዳን 17 ጨዋታ፦ 31.1 ነጥብ፣ 6.4 ሪባውንድ፣ 8.4 አሲስት፣ 52.4 በመቶ። ቡልስ የተሸነፈው ሁለቴ ብቻ ነው።
ሌብሮን 23 ጨዋታ፦ 25.9 ነጥብ፣ 8.4 ሪባውንድ፣ 6.6 አሲስት፣ 49.1 በመቶ። ሂት ሰባት ጊዜ ተሸነፈ።

ማክሰኞ እኩል ሆኖ ያየሁት ሚዛን እዚህ ያጋድላል። መከላከሉ ሲጠነክር የጆርዳን ነጥብ ባለበት ቆየ፣ የማግባት መጠኑ ከ53.9 ወደ 52.4 ብቻ ወረደ፣ አሲስቱ ግን ከ5.5 ወደ 8.4 አደገ። የሌብሮን የማግባት መጠን ከ56.5 ወደ 49.1 ወረደ፣ አሲስቱም ቀነሰ። ማያሚ የገጠማቸው ኢንዲያና ፔሰርስና ስፐርስ በዚያ ዓመት በመከላከል ከሊጉ ቁንጮዎች መካከል ነበሩ፤ ፔሰርስ እንዲያውም አንደኛ ነበር። ይህ ከቅናሹ ከፊሉን ያብራራል። በፍጻሜው ሦስት ጨዋታ ያየሁትን ማመንታት ግን አያብራራም፤ ያ ውርወራ ለሌብሮን ክፍት ነበር።

ሪባውንዱ ለሌብሮን ያደላል፤ 2.06 ሜትር የሚረዝም ሰው ከ1.98ቱ በላይ መያዙ የሚጠበቅ ስለሆነ ትንሽ ክብደት ብቻ ሰጠሁት። መከላከሉ የሌብሮን ነው፣ በጠባብ ልዩነት። በመደበኛው ውድድር የማቀበል ብልጫውም የእሱ ነው፤ በጥሎ ማለፉ ግን ጆርዳን ቀደመው።

ፍርዴን ጻፍኩ፦ የ1991 ጆርዳን፣ በጥቂት ልዩነት። ምክንያቱም በዚያ የጥሎ ማለፍ ውድድር ውስጥ አንድም ቡድን ለጆርዳን ሊሰጠው የሚችል፣ እሱም የማይወስደው ነገር አላገኘም። ለሌብሮን ስፐርስ እንዲህ ያለ ነገር አግኝቷል፤ መልሱን እስኪያገኝ ሦስት ጨዋታ ፈጀበት፣ ሁለቱን ተሸነፈ፣ ዋንጫውም በአለን አንድ ውርወራ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

አንድ ዓመት ሙሉ የሚሰለፍ፣ አጋሮቹ እነማን እንደሚሆኑ የማላውቅለትን ተጫዋች ምረጥ ብባል ግን ሌብሮንን እወስዳለሁ፤ ከየትኛውም አራት ሰው ጋር የጎደለውን ቦታ ይሞላልና። ይህንንም ከፍርዱ ሥር ጽፌዋለሁ።

ሰንጠረዡ አልተዘጋም። «የተሰጠው» የሚለውን አምድ ይዤ ወደ ጆርዳን የ1993 ፍጻሜ እሄዳለሁ፣ ፊኒክስ ሰንስ ላይ በአማካይ 41.0 ነጥብ ወዳስቆጠረበት፤ ከዚያ ክሊቭላንድ ጎልደን ስቴትን ከ3 ለ 1 ተነሥቶ ወዳሸነፈበት የሌብሮን የ2016 ፍጻሜ። በዚያ ፍጻሜ ተከላካዮቹ ርቀት ሲሰጡት ስንት ጊዜ ሳያመነታ እንደወረወረ በመቁጠር እጀምራለሁ።